በሬንጅ የተደፈነው ሳጥን

በየሰፈራችን አንድ እንዲህ ያለ ባለሙያ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ይሆናል፤ ጨርቁን የሚቀድደው መጋረጃ ጋርዶ ነው። ወጥ ሠሪ ትሆናለች፤ ቅመሙን የምትጨምረው ረዳቷን ውኃ ቅጂ ብላ ከላከች በኋላ ነው። መድኃኒት አዋቂ ይሆናል፤ ቅጠሉን የሚበጥሰው የገዛ ልጁ እንኳ እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። እኛም እናደንቀዋለን። "እጁ የተባረከ ነው፤ እሱ ከሌለ ሥራ የለም" እንላለን። እሱ ከሌለ ሥራ የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብለን አስበን አናውቅም።

የባሕር ዳሩ አምሐ እንዲህ ያለ ባለሙያ ነበር።

አምሐ የናዝሬት ልጅ ነው። ወደ ባሕር ዳር የመጣው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ አንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ረዳት ፈልጎ ሲቀጥረው ነበር። አለቃው ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይቀልዳል፣ ሲጋራውን ለሠራተኛው ያድላል፣ የታመመ ይጠይቃል። ነገር ግን የተቃጠለ ሞተር ከፍቶ ሽቦውን እንደ አዲስ መጠቅለል ሊጀምር ሲል "አምሐ፣ ውኃ አምጣ" ይላል። አምሐ ውኃውን ይዞ ሲመለስ ሞተሩ ተከድኗል። በማግስቱ "አምሐ፣ ጨርቅ አምጣ" ይላል። ጨርቁ ሲመጣ ሞተሩ ተከድኗል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

አምሐ ግን እልኸኛ ነበር። እሑድ እሑድ ጓደኞቹ ጣና ዳር አረፍ ብለው ዓሣ ጥብስ ሲበሉ፣ እሱ ፋብሪካው የጣላቸውን የሞቱ ሞተሮች ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ እየጎተተ ያወጣል። ይፈታል፤ መልሶ ይጠቀልላል፤ ያቃጥላል፤ እንደገና ይፈታል። ጣቶቹ በሽቦ ተተለተሉ። አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞት ቀኝ ክንዱ ለወራት አልታዘዝ ብሎት ነበር። በመጨረሻ ጣሊያኑ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ በግቢው ውስጥ ሞተር የሚጠቀልል ሰው አምሐ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ሁሉ ድካም ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። አንዱ ሙያው ነው። ሌላው በልቡ የቋጠረው ቂም ነው፤ "እኔ በደሜ ያገኘሁትን ማንም በነጻ አይወስደውም" የሚል።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ፋብሪካዎቹም ትርፍ ቤቶቹም ተወረሱ። በዚያ ወቅት የራሱን ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ጥቂት ነበር። አምሐ ደፈረ። ፋብሪካውን ለቅቆ ገበያው አጠገብ ከቀበሌ በተከራያት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላይ "አምሐ የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ድርጅት ቢባልም መጀመሪያ ላይ እሱና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰገነትን አገባ። ሰገነት የባሕር ዳር ተወላጅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጸሐፊ፣ ብዙ የማትናገር፣ ከተናገረች ግን የማትመለስ ሴት ነበረች።

ያን ጊዜ በከተማዋ ዳር ዳር ያሉ ወፍጮ ቤቶችና የውኃ ፓምፖች አንድ የጋራ ችግር ነበረባቸው። ትልልቅ ሞተር የሚሠራው በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ወደ ዳር ሰፈሮች የተዘረጋው ግን የቤት መብራት የሚያበራ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር። ባለወፍጮው ሞተሩን ገዝቶ በጆንያ ሸፍኖ ያስቀምጣል፤ መስመር እንዲገባለት ማመልከቻ ሲያመላልስ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። አምሐ ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ አውጥቶ አወረደው። ከዚያ ኮንደንሰር የሚባሉትን፣ ጣሳ የመሰሉ፣ ኤሌክትሪክ በሆዳቸው የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች ደርድሮ፣ የጎደለውን ሦስተኛ መስመር የሚተካ የብረት ሳጥን ሠራ።

የመጀመሪያው ሳጥን በአንድ ወፍጮ ቤት የተገጠመ ዕለት፣ ሞተሩ አጉረምርሞ ሲነሳ እህል ይዘው የቆሙ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ በኋላ "የአምሐ ሳጥን" የማያውቅ ባለወፍጮ አልነበረም። መብራት በገባባቸው የሐይቁ ዙሪያ ከተሞች ሁሉ ይፈለግ ጀመር። ድርጅቱ አደገ። ቤቱ ጠበበና ከጀርባው ዳስ ተሠራ፤ ብየዳ የሚበይዱ፣ ቀለም የሚቀቡ፣ ሞተር የሚያወርዱና የሚጭኑ ሠራተኞች ተቀጠሩ።

ሳጥኑን ከውስጥ ያየ ግን ከአምሐ በቀር ማንም አልነበረም። የብየዳው ሥራ ሲያልቅ ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው ክፍል ያስገባና በሩን ይዘጋል። በኮንደንሰሮቹ ላይ የተጻፈውን ጽሕፈት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያጠፋል። ሽቦውን ካያያዘ በኋላ ሬንጅ አቅልጦ እስከ አፉ ይሞላዋል። ሬንጁ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ሳጥኑ ከተበላሸ አሮጌው ይነሳና አዲስ ይተከላል እንጂ አይጠገንም።

አካሉ ወደዚህ ድርጅት የገባው በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መራዊ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እያረሱ እያሳረሱ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳያመጣ ቀረ። እጁ ቀልጣፋ፣ ጠባዩ ጭምት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳጥኑን መግጠም፣ ሞተር መፈተሽ፣ ደንበኛ ማነጋገር ሁሉ በእሱ ላይ ወደቀ። ከውስጠኛው ክፍል በር ግን አላለፈም።

"ጋሼ አምሐ፣ ሬንጁን ሲያፈሱ ሳጥኑን ልያዝልዎት?" አለው አንድ ቀን።

"አያስፈልግም። ይልቅ ከጀላሉዲን ሱቅ ሽቦ አምጣ።"

"ሽቦ ትናንት አመጣሁ እኮ።"

"እንግዲያው ሌላ አምጣ።"

አካሉ ሄደ። አምሐ ይህን ሲል ያ የጣሊያኑ መካኒክ ድምፅ ከገዛ አፉ እንደ ወጣ አልተሰማውም።

ለሰገነት ግን ተሰምቷታል። ምሳ እየበሉ ሳለ ድንገት፣ "አንተ ብትታመምስ?" አለችው።

"ለምን እታመማለሁ?"

"ሰው ነህና። ያን ጊዜ ያን ሁሉ ወፍጮና ፓምፕ ማን ያየዋል? ለአካሉ ለምን አታሳየውም?"

አምሐ ሳቀ። "ላሳየውና በሳምንቱ ማዶ ሱቅ ይክፈት? አንቺ ይህን ነገር አታውቂውም። ቀበሌው ደግሞ የእደ ጥበብ ማህበር ግቡ እያለ ይጨቀጭቀኛል። የሚፈሩኝ ሥራው በእጄ ስለሆነ ነው። ዛሬ ሁሉም ካወቀው ነገ ማህበር ያደርጉትና እኔን ተራ አባል ያደርጉኛል። እኔ ማንም አላስተማረኝም፤ እነሱም እንደኔ ይልፉ።"

"አካሉ ይህን ያህል ዘመን አብሮህ ሲሠራ መቼ ጥሎህ ሄደ?"

"ስላላወቀ ነዋ ያልሄደው።"

ሰገነት እጇን ከማዕዱ አነሳች። "ይህን እሱ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?" አለች።

ሌላም የመከረው ሰው ነበር። ጋሽ ጀላሉዲን የወረታ ሰው ናቸው፤ በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። ኮንደንሰሩን ከአስመራም ከአዲስ አበባም አስመጥተው የሚሸጡለት እሳቸው ናቸው። አምሐ ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከብብቱ ሥር ሲሸሽግ ባዩት ቁጥር ይገርማቸዋል።

"ከማን ነው የምትደብቀው?" አሉት አንድ ቀን። "ባለፈው ክረምት ወባ ጥሎኝ ስከርም ይህን ሱቅ ማን የያዘው ይመስልሃል? ልጄ ዘይነት ናት። እያንዳንዱን ዕቃ አስተምሬያታለሁ።"

"እርስዎ ያስተማሩት ልጅዎን ነው፤ ጋሽ ጀላሉዲን። ባዕድ ሌላ ነው።"

"ባዕድ አልህ? ማዶ ያለውን የሙሀመድየሱፍን ሱቅ ታየዋለህ? ከኔ ዘንድ ተቀጥሮ ነው ንግድ የለመደው። እኔ የጎደለኝን ከሱ እወስዳለሁ፤ እሱም ደንበኛ ይልክልኛል። እስከ ዛሬ ጦሜን አላደርሁም።" ጋዜጣውን አስተካክለው ጠቀለሉለትና ጨመሩ። "ይህ ዕቃ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ አምሐ። ከፋብሪካው የመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የሚነካው ሰው ነገሩን ማወቅ አለበት።"

"እኔ እንጂ ሌላ ማን ይነካዋል?" አለ አምሐ፤ ሒሳቡን ዘግቶ ወጣ።

በ1975 ዓ.ም. በጋ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የእደ ጥበብና የፈጠራ ሥራዎች ትርኢት ሲዘጋጅ አምሐም ሳጥኑን ይዞ እንዲቀርብ ተጠራ። ደስታው ወሰን አልነበረውም። አዲስ ኮት አሰፋ። ለትርኢቱ የሚሄደውን ሳጥን በአረንጓዴ ቀለም ራሱ ቀባው።

ሊሄድ ሲል አካሉ ወደ በሩ ቀረብ አለ። ሰገነት ሻንጣውን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

"ጋሼ አምሐ፣ እርስዎ በሌሉበት አንዱ ሳጥን ቢበላሽ ምን ላድርግ?"

"ምንም። እስክመጣ ይጠብቁ።"

"ሰዎቹ ግን አይጠብቁም። በተለይ የአትክልት ማህበሩ። ሊቀመንበሩን ያውቋቸዋል፤ ያስገድዱኛል።" አካሉ ትንሽ አመነታ። "እንዴት እንደሚሠራ አይንገሩኝ፤ ግድ የለም። የሚያሰጋው ምኑ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ። ምኑን ልጠንቀቅ?"

አምሐ መልሱን ያውቀዋል። በተዘጋው በር ውስጥ ኮንደንሰር በነካ ቁጥር፣ አስቀድሞ እጀታው እንጨት በሆነ ረጅም ካቻቢቴ ጫፍና ጫፉን ያገናኛል። ቷ ብሎ ብልጭታው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሚያሳርፈው። "መብራቱ ከተቋረጠም በኋላ በውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራል፤ ሳታራግፈው እንዳትነካ" ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ይህን ሲል ውስጡ ያለው ኮንደንሰር መሆኑን መናገሩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጭንቅላቱ ፈጣን የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ከሰማ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። አምሐ ያችን አንድ ቃል በምላሱ ላይ ያዛትና ዋጣት።

"ምንም የሚያሰጋ ነገር የለውም። አንተ ብቻ እንዳትነካው" ብሎ ሻንጣውን ተቀበለ።

አዲስ አበባ ላይ የሆነው ሁሉ እንዳሰበው ሆነ። ሰው ከቦ አየለት፤ ባለሥልጣን ጨበጠው፤ በመድረክ ላይ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። "ውስጡ ምንድን ነው?" ብለው ለጠየቁት ሁሉ ፈገግ ብሎ "ልፋት ነው" ይላል። ያጨበጭቡለታል።

ሲመለስ አውቶቡስ ተራው ላይ ሰገነት ቆማ ትጠብቀዋለች። ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"ማን ሞተ?" አለ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ።

"አካሉ" አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምሐ በሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐይቁ ዳር ያለው የአትክልት አምራቾች ማህበር ሳጥን ተበላሽቶ ፓምፑ ቆመ። ፀሐዩ የከፋ ነበር፤ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ችግኝ ጠወለገ። የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ አዘዘ ወደ ድርጅቱ መጣና አካሉን ያዘው። አካሉ የሚተካ አዲስ ሳጥን ስላልነበረ ባለቤቱ እስኪመጣ ይታገሡ ብሎ ለመነ። ሰገነትም ስልክ ቤት ሄዳ አዲስ አበባ አስደወለች፤ አምሐን የሚያገኘው ሰው ጠፋ። አዘዘ በሦስተኛው ምልልሱ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ዕቅድ አለብን! ችግኙ ቢደርቅ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሙያው እያለህ እምቢ ካልህ ይህ አሻጥር ነው" አለ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ አስወጥቶ የማይመልስ ቃል ነበር። አካሉ የዕቃ ከረጢቱን አንሥቶ ተከተለው።

ከፓምፑ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ማብሪያውን አጠፋ። ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በዚያም አልበቃው ብሎ ከቆጣሪው የመጣውን ሽቦ ፈታ። የሚያውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አደረገ። ከዚያ በመሮ ሬንጁን እየፈለፈለ ሳጥኑን ከፈተ። ምን እንዳየ ማንም አያውቅም። ፒንሳውን ሲያስገባ አንድ ድምፅ ጮኸ፤ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ቀና ሲሉ አካሉ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በሲሚንቶው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። በቃሬዛ ይዘውት ሮጡ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነፍሱ አልነበረችም። ልብሱን ሲያወልቁ ፊውዙ ከኪሱ ወደቀ።

በሳምንቱ ቀበሌው ጉዳዩን አጣራ። አዘዘ ጭንቀት ላይ ነበር፤ ያስገደደው እሱ ነውና ጥፋቱ ወደ ሌላ እንዲሄድ ይፈልጋል። አምሐ ለምስክርነት ተጠራ።

"ሟቹ ሳጥኑን እንዲከፍት ፈቅደህለት ነበር?" ተባለ።

"አልፈቀድኩም። እንዳትነካው ብዬው ነው የሄድኩት" አለ አምሐ።

የተናገረው እውነት ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው። አጣሪዎቹም አዘዘም የሚፈልጉት ይህንኑ ግማሽ ነበርና ወዲያው ተስማሙ፤ ሟቹ ከተከለከለው ነገር ላይ እጁን ያሳረፈ ስለሆነ የሞተው በራሱ ጥፋት ነው ብለው ዘጉት። ወሬ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ገበያ ሲደርስ "የጌታውን ምስጢር ሊሰርቅ ሲል ሞተ" ሆነ። ከገበያ ወደ መራዊ ሄደ፤ ለቅሶ ላይ ወደ ተቀመጡት እናት ጆሮ ገባ።

አምሐ ወደ ሥራው ተመለሰ። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰገነት ግን ራቀችው። ምግብ ታቀርብለታለች፤ አብራው አትበላም። ከሰነበተ በኋላ እሱ ራሱ መታገሥ አቃተው።

"ምን ሆነሽ ነው? እኔ ገደልኩት?"

"እንዳትነካው ያልኸው እውነት ነው" አለችው። "ከዚያ በፊት ምን አልኸው?"

አምሐ ሊወጣ ተነሣ።

"ሻንጣህን ይዤ ከኋላህ ቆሜ ነበር። 'ምኑን ልጠንቀቅ' ሲልህ ሰምቻለሁ። አንተም ያልኸውን ሰምቻለሁ። ቀበሌ ሄጄ ልናገር እችል ነበር። ከአንተ አፍ እንዲወጣ ነው የጠበቅሁህ።" አለችው። "እናቱ ልጃቸውን ቀብረው በሌብነቱ ያፍራሉ። አንተ ግድግዳ ላይ ወረቀት ትሰቅላለህ።"

"ብናገር ምን ይመጣል? እሱ አይነሣ! እኔን ያስሩኛል፤ ድርጅቱ ይዘጋል። አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?"

"እኔ አሁንስ ምን እየሆንሁ ይመስልሃል?"

በአካሉ አርባ ቀን አምሐና ሰገነት መራዊ ሄዱ። ሕዝቡ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። አምሐ ሲገባ ቦታ ለቀቁለት፤ ትልቅ ሰው ነውና ከፊት አስቀመጡት። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀጭን፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሴትዮ ናቸው። ተነሥተው ወደ እሱ መጡ። ተጎንብሰው እጅ ነሱት።

"ጌታዬ፣ ከሩቅ አገር ደክመው መጡልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉት። ከዚያ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝ። ልጄን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ነው የኖረው። ሌባ ነበር እንዴ?"

አምሐ ከተቀመጠበት ተነሣ። የሚናገረውን መንገድ ላይ ሲያሰላስል መጥቶ ነበር፤ አንዱም አልመጣለት አለ።

"እማማ፣ ልጅዎ ሌባ አልነበረም" አለ፤ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኾ ነው የተናገረው። "እኔ ስሄድ ምኑን ልጠንቀቅ ብሎ ጠየቀኝ። ያ ሳጥን መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። አውቅ ነበር። አልነገርኩትም። ሙያዬን እንዳይወስድብኝ ብዬ፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለውም አልኩት። እሱ ሁሉን ነገር በትክክል አድርጓል። ያላወቀው እኔ የነፈግኩትን ብቻ ነው።"

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀና አሉ። ሲናገሩ አንቱታው ከአፋቸው ወድቋል።

"ይህችን ነው?" አሉ። "ይህችን አንድ ቃል ነው የነፈግኸው? እኔ እንጀራ አልለመንሁህም። ልጄን ሰጠሁህ፤ አንተ ቃል ነፈግኸው?"

"እማማ፣ በእግዚአብሔር ስም ይቅር ይበሉኝ።"

"አልልህም" አሉ እናት። ሽማግሌዎች ሊያረጋጓቸው ቢነሡ በእጃቸው መለሷቸው። "ዛሬ አልልህም። ነገም እንጃ። ሂድ፤ ያችን ቃል ለሰው ልጅ ሁሉ ንገር። እኔ ቤት ግን ዳግም አትምጣ።"

አምሐ በማግስቱ ቀበሌ ቀርቦ ቃሉን አስለወጠ። አዘዘ ተቆጣ፤ አምሐም ቀድሞ የሐሰት ቃል ሰጥተሃል ተብሎ ታሰረ፤ በጋውን እስር ቤት ጨረሰው። ሲወጣ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መሮና መዶሻ ይዞ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት መዞር ነበር። ሬንጁን እየፈለፈለ ሳጥኖቹን ሁሉ ከፈተ። ለባለወፍጮዎቹና ለሠራተኞቻቸው አንድ በአንድ አሳያቸው፤ በየሳጥኑ ላይ በቀይ ቀለም ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ውስጠኛው ክፍል በሩ ተነቀለ። "ሙያ መማር የሚፈልግ ይምጣ" ብሎ አስነገረ።

ማንም አልመጣም። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ በር አጠገብ እንኳ አትለፉ ይሉ ነበር። አምሐ ለብዙ ጊዜ ባዶ ወንበሮች ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣችው የጋሽ ጀላሉዲን ልጅ ዘይነት ናት። "አባባ የምሸጠውን ዕቃ ጠባይ እንዳውቅ ብለው ላኩኝ" አለች። ከእሷ በኋላ አንድ ሁለት እያሉ መጡ።

አምሐ ሲፈራው የኖረው ነገርም ደረሰ። የተማሩት ሰዎች የየራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ ሳጥኑን ከእሱ አሻሽለው በርካሽ የሚሠሩ ተገኙ። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ወደ እነሱ ሄዱ። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ የድርጅቱ ሰሌዳ ወረደ፤ አምሐ በአንድ የቀድሞ ተማሪው ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥሮ ሞተር ይጠቀልል ጀመር። ሰው ያዝንለት ነበር። እሱ ግን በዚህ ሲያማርር የሰማው የለም። የሚያቃጥለው ሌላ ነበር፤ ያ ሁሉ ፍርሃት ሲደርስ እንዲህ ቀላል ሆኖ መገኘቱ፣ ለዚህች ብሎ የሰው ልጅ መቅጠፉ።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ይቅርታ አላሉትም። በየዓመቱ ሰው ይልካል፤ መልስ የለም። አንድ ቀን ግን አንዳርጋቸው የሚባል ተማሪው መራዊ አዲስ በተከፈተ ወፍጮ ቤት ሳጥን ጠግኖ መጣና የገጠመውን ነገረው። ሳጥኑን ከፍቶ እየሠራ ሳለ አንዲት አሮጊት የእህል ጆንያቸውን አስቀምጠው አጠገቡ ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህ ነገር አይገድልህም?" አሉት።

"አይ እማማ፤ ተነግሮኛል" አላቸው አንዳርጋቸው። "አስቀድሜ አራግፌዋለሁ።"

አሮጊቷ በጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም። እህላቸውንም ሳያስፈጩ ሄዱ።

አምሐ ይህን ሲሰማ የያዘውን ሽቦ አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

አንባቢ ሆይ፣ ሙያህ ያንተ ነው፤ ላብህም ያንተ ነው፤ ዋጋህን ጠይቅበት፤ ማንም አይነቅፍህም። አጠገብህ የሚሠራውን ሰው ሕይወት የሚያድነው ቃል ግን ያንተ አይደለም፤ አደራ ነው። አምሐ ያችን ቃል በኋላ ለብዙ መቶ ሰዎች ነገራት። የጠየቃት አካሉ ግን አልሰማትም። አንተ ዘንድ የቆመው ሰው ዛሬ ምኑን ልጠንቀቅ ብሎ ጠይቆህ እንደሆነ፣ ውኃ አምጣ ብለህ አትላከው። ንገረው።